ልጁ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ግን ማሊያ ገዝቶለታል

የአንባቢ ደብዳቤ

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። 2 ዓመት ከ4 ወር የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። ባለቤቴ ኳስ ሲባል ነፍሱ ነው። በወጣትነቱ ተጫውቷል፤ ያቆመው ጉልበቱ ተጎድቶ ነው። ሰሞኑን ትልቅ ኳስና ማሊያ ገዝቶ መጣ። ሰፈራችን ሜዳ ላይ የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች የሚያሰለጥን ሰው አለ፤ እሱ ጋ ላስመዘግበው ይላል። ካናዳ ያለችው እህቴ ደግሞ ከልጇ ጋር የምትገባበትን የኳስ ክፍል ቪዲዮ ላከችልኝ። እናትና አባት ከልጆቻቸው ጋር መሬት ላይ ይንከባለላሉ። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር የለም። አማቴ ‹አጥንቱ ሳይጠና አታንገላቱት› ይላሉ። ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? እኔስ በቀሚሴ ሜዳ ገብቼ ኳስ ሳባርር ሰው ምን ይለኛል? እኩያው የሆነች ሴት ልጅ ያለቻት ጎረቤቴም ‹ሴት ልጅ ኳስ ምን ያደርግላታል› እያለች ታመነታለች። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ የገዛ እህቴ የጻፈችልኝ ነው የመሰለኝ።

ይጠቅመዋል። የሚጠቅመው ግን እህትሽ የላከችልሽ ዓይነት ነው። ባለቤትሽ ያሰበው ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቆይ።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። እኔም ማሊያ ገዝቼ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ልጄ 3 ዓመት ሲሞላው እዚሁ ባሕር ዳር አንድ አሰልጣኝ ጋ ወሰድኩት። አሰልጣኙ ልጆቹን በአንድ መስመር አሰለፋቸው። ኳሱ አንድ ነው፣ ልጆቹ ሃያ ይሆናሉ። የእኔ ልጅ ተራው እስኪደርስ ቁጭ ብሎ የጉንዳን መንገድ አገኘ። ጉንዳኖቹን በጣቱ እየተከተለ ሄደ፣ ሄደ፣ ከሜዳው ወጣ። አሰልጣኙ ጮኸበት። ልጁ አለቀሰ። ከዚያ የባሰውን ጥፋት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አጥሩን ተደግፌ «አታሳፍረኝ!» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ወራት ኳስ ሲያይ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ይደበቅ ነበር።

ከኳስ ጋር ያስታረቀችው እናቴ ናት። አንድ ቀን መደብ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ልቃቂቷ ከጭኗ ወድቆ ተንከባለለ። ልጁ በእግሩ ነካው። እሷም «አንተ! ልቃቂቴን!» አለችና በእግሯ መልሳ ገፋችለት። እሱ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ፈትሉ ሁሉ ተተበተበ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ «አያቴ፣ ልቃቂት» ሆነ ጥያቄው። እናቴ ስታዲየም ገብታ አታውቅም፤ ከዚያ አሰልጣኝ ግን ትበልጣለች። መሬት ላይ ወርዳ ነበርና።

የእህትሽ ቪዲዮም ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። እነዚህ የወላጅና የልጅ የኳስ ክፍሎች ውጭ ሀገር የታወቁ ናቸው። ለምሳሌ ሊትል ኪከርስ የሚባለው በ2002 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ ካናዳም ይሠራል፤ ትንንሾቹን ከ1 ዓመት ተኩል ጀምሮ ይቀበላል። እንዲህ ያለው ክፍል ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ሠልፍ የለም፣ ነጥብ የለም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ኳስ አለው፣ እያንዳንዱ ልጅ ጎን አንድ ወላጅ አለ። ቪዲዮውን እንደገና ክፈችና አሰልጣኙ የሚያወራው ለማን እንደሆነ እይ። አብዛኛውን ጊዜ ለወላጆቹ ነው። ከልጅ ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ እያሳያቸው ነው። ብዙዎቻችን ስናድግ ይህን ረስተነዋል፤ እነሱ ከፍለው ይማሩታል። አንቺ መክፈል የለብሽም።

አሁን ልጅሽ ምን ይችላል? ልጆች ኳስ በእግራቸው መምታት የሚጀምሩት 2 ዓመት አካባቢ ነው። ሩጫውም ያኔ ነው። ለእኛ መለጋት ምንም አይደለም። ለእሱ ግን ለዓይን ጥቅሻ ያህል በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ማወናጨፍ ነው። ኳሱን ስቶ በቂጡ ቢቀመጥ ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው። ማቀበል ግን አትጠብቂ። የዚህ ዕድሜ ልጅ ቋንቋው «የኔ!» ነው። ከእኩዮቹ ጎን ይጫወታል እንጂ አብሯቸው አይጫወትም። ተራ መጠበቅና ማካፈል ከ3 ዓመት በኋላ ቀስ እያለ ይመጣል። የ6 ዓመት ልጆች መሀል ብታስገቢው ወይ ይረግጡታል፣ ወይ እንደ ልጄ ጉንዳን ያሳድዳል።

እንቅስቃሴው ራሱ ግን ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ይላል። ሦስት ሰዓት ሲባል አትደንግጪ፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ተበታትኖ ነው። ዶሮ ሲያባርር፣ ደረጃ ሲወጣ፣ አንቺን ተከትሎ ጓዳ ሲመላለስ ይቆጠርለታል። ስልክ ላይ ካርቱን ማየት ግን በ2 ዓመቱ ከ1 ሰዓት አይበልጥ ይላል ያው መመሪያ፤ ባነሰ ቁጥርም ይሻላል። ይህን የምጽፈው ቤቴ ውስጥ በየቀኑ እየተሸነፍኩበት ነው።

እንግዲህ ክፍል ከሌለ ክፍሉን እናንተ ሥሩት። እኩያ ልጅ ያላቸው አራት ወይም አምስት ቤተሰቦች ይበቃሉ። ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ይኖራል፤ እዚያ ጀምሩ። ሜዳው በኋላ ይደርሳል። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የማርቆስ ብርድ ፀሐይ ሳይወጣለት ልጅ አውጡ የሚያሰኝ አይደለም። ስትጨርሱ ቡና ይፈላል። ሳትነግሪኝም የምታፈሉ ይመስለኛል።

ኳሱን በተመለከተ ከባለቤትሽ ጋር መነጋገር አለብን። «ትልቅ ኳስ» ካልሽኝ 5 ቁጥር ነው ብዬ ልገምት። ትልልቅ ተጫዋቾች የሚጫወቱበት ነው፤ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። ልጅሽ 12 ኪሎ ቢሆን፣ እሱ ይህን ኳስ ሲመታ አባቱ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚሆን ኳስ እንደመታ ቁጠሪው። በዚያ ጉልበቱ ይሞክረው እስቲ! ለትንሽ ልጅ 1 ወይም 2 ቁጥር፣ አለዚያም ለስላሳ የፕላስቲክ ኳስ ይሆናል። ከሁሉም የምወደው ግን የካልሲ ኳስ ነው። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ በሲባጎ ማሰር። አይነጥርም፣ ሩቅ አይሄድም፣ ፊት ቢመታም አያምም። ባለቤትሽ አሠራሩን አይረሳውም። ስድስት ሠርቶ ያምጣ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። እባካችሁ ኳስ አታጋሯቸው፤ ጨዋታው በለቅሶ የሚያልቀው እዚያ ጋ ነው። ማሊያውን ግን ልጁ ይልበሰው። ማሊያ ምን አደረገ።

ሌላው ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። ባዶ ሃይላንድ ላስቲኮች ውስጥ ትንሽ አሸዋ ጨምሩና አቁሟቸው። አንድ ካርቶን በጎኑ አስተኙ። አንድ ነጠላ አምጡ። በቃ።

ስትጀምሩ ኳሶቹን በትኗቸውና ልጆቹ እንደፈለጉ ያድርጉ። አንዱ ያቅፈዋል፣ አንዱ ይቀመጥበታል፣ አንዱ ይነክሰዋል። «በእጅህ አትንካ» የሚል ሰው ከግቢው ይውጣ። በዚህ ዕድሜ እጅም እግርም አንድ ነው። ከዚያ አኩኩሉ ተጫወቱ። ኳሱን ነጠላው ሥር ደብቂና «አኩኩሉ!» በይ፤ ትልልቆቹ «አልነጋም!» ይበሉ። ሲነጋ ልጆቹ ሮጠው ይፈልጉ። የሚሮጡት ሩጫ አሰልጣኝ ጮሆ ከሚያስሮጣቸው ይበልጣል።

እኔ ቤት ከሁሉም የቆየው ጨዋታ ዶሮ ማስገባት ነው። ኳሱ ዶሮ ነው፣ ካርቶኑ የዶሮ ቤት። «መሸ! መሸ! ዶሮዎቹን አስገቡ!» ይባላል። ልጆቹ ዶሯቸውን በእግራቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ ይነዳሉ። ግማሹ በእጁ ተሸክሞ ይሮጣል፤ ይሩጥ። ሲለምዱት ሸለምጥማጥ ይጨመራል። ሸለምጥማጡ አባት ነው። በአራት እግሩ እያነፈነፈ ይመጣል፣ ልጆቹ እየጮሁ ዶሯቸውን ያሸሻሉ። ሸለምጥማጡ ሁልጊዜ ይሸነፋል። ይህ ሕግ ነው። አንድ ጎረቤቴ፣ የተከበረ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንድ ቀን እልህ ይዞት ሦስት ዶሮ ሰረቀ። ልጆቹ እስከ ዛሬ አይቀርቡትም። ኳስን እግር ሥር አድርጎ መንዳት የሚባለውን ነገር ልጁ እዚህ ይጀምረዋል፤ ስሙን ሳያውቀው።

ላስቲኮቹን መትቶ መጣልም ይወዳሉ። መልሶ የመደርደሩ ሥራ የወላጅ ነው፤ ወገብሽን አደራ። መቆምን ለማስተማር ደግሞ ጭብጨባ ይበቃል። ሲጨበጨብ እስክስታ፣ ጭብጨባው ሲቆም ኳሱ ላይ እግር አድርጎ ቀጥ። በመሀል እናውራቸው፦ ቀስ፣ ቶሎ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ቀይ፣ ቢጫ። ቃሉን ከሥራው ጋር ሲሰሙት ይይዙታል።

በግቢው በር አህያ ካለፈች ኳሱ ተረሳ ማለት ነው። ተዪው፣ አህያዋን ይይ፣ ይመለሳል። አልመለስም ካለም የዛሬው አለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ 15 ደቂቃ ብትቆዩ ትልቅ ነገር ነው። ገና ሲጣፍጠው አቁሙ።

ሁለት ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። አንደኛው ጫማ ነው። የእኛ የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ዝሆኔ የምንለውን የእግር እብጠት ያመጣል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በአንድ ቀንም አይይዝም። መከላከያው ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ልማዱ ይያዝ እንጂ ጫማው ውድ መሆን የለበትም። ታኬታ አትግዙለት። ሶሉ የሚተጣጠፍ፣ እግሩን የማያጣብቅ ሸራ ይበቃዋል። ስትጨርሱ እግር ይታጠብ፣ በጣቶቹ መሀል ጭምር። ሁለተኛው ቆሎ ነው። ቡናው ሲፈላ ቆሎ ይቀርባል፤ ልጅ እየሮጠ ይዘግናል። ቆሎ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ ለዚህ ዕድሜ ያንቃሉ። ለእነሱ ሙዝ ወይም ዳቦ ይሁን፤ ያውም ቁጭ ብለው።

ክረምት ሲገባ ግቢው ጭቃ ይሆናል። ያኔ ሳሎን ግቡ። የካልሲ ኳስ ቴሌቪዥን አይሰብርም። ረከቦቱንና ጀበናውን ግን አንሺ፤ በእኛ ቤት ሁለት ጀበና ሄዷል።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ኳሱ ሳይሆን እነሱ ይመስሉኛል ያስጨነቁሽ።

ባለቤትሽን አትንቀፊው። ጉልበቱ ያስቆመውን መንገድ ልጁ እንዲቀጥልለት ነው የሚፈልገው። በልቡ ልጁ የጣና ሞገዶቹን፣ የባሕር ዳር ከተማ ክለብን፣ ማሊያ ለብሶ ባሕር ዳር ስታዲየም ሲገባ እያየው ነው። እኔም አይቻለሁ። «አይሆንም» ብትይው ኳሱን አንሥቶ ልጁን ይዞ ይወጣል። ይልቅ ሸለምጥማጥ አድርጊው። የካልሲ ኳሶቹን እሱ ይሥራ፣ ላስቲኮቹን እሱ ይደርድር። ይህንንም ንገሪልኝ፦ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካ ዋንጫ ያነሡልን ተጫዋቾች አንዳቸውም በ2 ዓመታቸው አልተመዘገቡም። ልጁ 5 ወይም 6 ዓመት ሲሞላው፣ ኳስ ከወደደ፣ ራሱ «አባዬ፣ ውሰደኝ» ይለዋል። ካልወደደ ደግሞ ያኔ ያውቀዋል።

አማትሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። አጥንት የሚጠናው ልጅ ሲሮጥና ሲዘል ነው፤ ይህን በአክብሮት ንገሪያቸው። ከባድ ኳስና ከትልልቅ ልጆች ጋር መጋጨት ግን ያንገላታል፤ እዚያ ላይ ትክክል ናቸው። ቴስታም እንዲሁ። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ቴስታን የከለከለው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ባለቤትሽ ልጁን «በጭንቅላትህ ግጨው» ማለት ከጀመረ እናቱን ጥሪበት። ቅዳሜ ዕለት ለእሳቸው ወንበር አውጪላቸው። ጭብጨባውን እሳቸው ይያዙት። የሚቆመውም የሚጀመረውም በእሳቸው እጅ ይሁን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቀድመው የሚወጡት እሳቸው እንዳይሆኑ።

ሰው ምን ይላል ላልሽው፣ ገና ሲደርስ ሪዛም ሽማግሌ ዱላ ይዞ ሩር ሲያሳድድ ማን ምን አለ? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ጌታውም ይመታል። ያ የወንዶች ነው ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው። ለዚህ ነው ከግቢ ጀምሩ ያልኩሽ። ከቀሚስሽ ሥር ሱሪ ልበሺ፣ ነጠላሽን ወገብሽ ላይ እሰሪ። የመጀመሪያው ቀን በአጥር የሚያዩ ይኖራሉ። ሁለተኛው ሳምንት ልጃቸውን ይዘው «እኛም እንግባ?» ይላሉ። እኔ ጋ የሆነው እንዲያ ነው። ከሰባት ልጅ በላይ ሲሆን ግን ለሁለት ተከፈሉ፤ ጫጫታው ለልጆቹም አይሆንም።

ጎረቤትሽ ልጇን ታምጣ። በ2 ዓመት የሴትና የወንድ እግር የለም። ሩጫውም፣ ሚዛኑም፣ ሳቁም ለሁለቱም እኩል ያስፈልጋል። ከዚያ አልፎ ለሚያስብ ደግሞ እግር ኳስ ተጫዋቿ ሎዛ አበራ እስከ ማልታ ሄዳ ተጫውታለች። ልጅቷ ግን አሁን ሎዛን መሆን የለባትም፤ ዶሮዋን ታስገባ።

የራሷን ኳስ ይዛ ትምጣ ብቻ።